ባለ ሁለት አፍንጫዋ ጠገራ

ሁለት አፍንጫ ያላት አንዲት የፈረንጅ ንግሥት አንዲት በቅሎ አስከፍላኛለች። በቅሎዋ አደይ ትባላለች። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ ነው። ከአልዩ አምባ እስከ አንኮበር ያለውን ዳገት ጨው ተጭና ስትወጣ አንድም ቀን «ምነው» ብላ አታውቅም። እኔ ግን ባዶ እጄን ከኋላዋ እየተከተልኩ በየመታጠፊያው «ምነው» እላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ «በቅሎዋስ ምን ሆነች?» እያላችሁ እንዳትጨነቁ ነው። በቅሎዋ ደህና ናት። ከእኔ ትሻላለች።

ይህን ነገር የሰማ ሁሉ «ተሞኘህ» ይለኛል። አልተሞኘሁም። እያንዳንዱን እርምጃ አስቤ ነው የረገጥኩት፤ የደረስኩበት ቦታ ነው እንጂ እርምጃው ነውር የለበትም። እናንተው ፍረዱ።

እኔ የጨውና የጥጥ ነጋዴ ነኝ። ሌላው ሰው ቄስ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር እኔ ገበያ ቆሜ የጠገራ ነጥብ ቆጥሬያለሁ። ጠገራ ብር ላይ ያለችው ንግሥት ትከሻዋ ላይ ጌጥ አላት፣ ጌጡም ዙሪያውን ነጥብ አለው። የእኛ አገር ባላገር ጠገራ ሲቀበል ልጁን ከሚድርለት ሰው ይልቅ አጥብቆ ይመረምራታል። ነጥቡን በጥፍሩ ይቆጥራል፤ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፅዋን ያዳምጣል፤ ይነክሳታል። ነጥቡ ከሟሸሸ «አርጅታለች» ብሎ ይመልሳል። በጣም ካብለጨለጨችም «ይህቺ ገና ልጅ ናት፣ አላምናትም» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ባለ ገበያ ያደገ ሰው በብር አይታለልም። የዛሬው ነገር በብር ሳይሆን በብርድ የመጣ ነው።

ደብረ ብርሃን ነው። ጥጥ ሸጬ ብር የተቀበልኩት ማለዳ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ማለዳ ደግሞ ጣትና ጣትን አያስለይም። በደነዘዘ ጥፍር ቆጥሬ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ። ፀሐይ ወጥታ ጣቶቼ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አንዷን ጠገራ ባይ፣ ንግሥቲቱ መሐሉ ላይ የለችም። ወደ ዳር ተገፍታ የራስ ቅሏ ግማሽ ከብሩ ውጭ ቀርቷል። በወዲያኛው ወገን ባዶ ሜዳ ነው፤ ሁለት በሬ ጠምደው ቢያርሱበት ይበቃል። ለአንዱ ባላገር ባቀብለው አገላብጦ አያትና «ይህቺ ሴትዮ ከቤቷ ወጥታ እየሄደች ነው፣ እኔ ዘንድ አታድርም» ብሎ መለሰልኝ። ሌላውም እንደዚያው። እኔም ይዣት አንኮበር ገባሁ።

አንኮበር ያን ጊዜ «ሙሴ» የምንለው አንድ ፈረንጅ ነበር። ጠመንጃ ይጠግናል፤ ሥራ ሲፈታ ቢራቢሮ በመርፌ ይወጋል። ጠመንጃዬን አስጠግኜ የድካሙን ስከፍለው ያችን ጠገራ አቀበልኩት። ፈረንጅ የአገሩን ልጅ አይንቅም ብዬ ነው። ሙሴ ዓይኑ ላይ የሚሰካት ክብ መስታወት ነበረችው፤ ሰካት፣ ጠገራዋንም አተኩሮ አያት። እኔ መልሴን አዘጋጀሁ፤ መጀመሪያ «ከናንተው አገር የመጣች ናት»፣ ካልሆነ «አላየኋትም ነበር»፣ ከባሰም «ልጆች አሉኝ»። ሰውዬው ግን ተነሥቶ ጓዳ ገባ። ዱላ ሊያመጣ ነው ብዬ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ። ሲወጣ በእጁ አሥር ጠገራ ይዟል።

«ለዚህች» አለኝ፣ ወደ ጉደኛዋ እያመለከተ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነጋዴ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አሥራ ሁለት» አልኩት።

በአሥር ተስማማን።

ከዚያ በሰባራ አማርኛው አስረዳኝ። «ብር ብዙ ይመታል፤ ሁሉም አንድ ነው። አንዷ ስትመታ ትንሸራተታለች፣ እንዲህ ትሆናለች። የሚሠሩት ሰዎች ካዩዋት ያቀልጧታል። ያመለጠች ጥቂት ናት። ጥቂት ነገር ደግሞ ውድ ነው።»

ይህን እንኳ እኔ ነበርኩ የማስተምረው። ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው አሞሌ ጨው ምን እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነገር ውድ መሆኑ አዲስ አይሆንበትም። አዲስ የሆነብኝ የሚቀጥለው ነው። «ሁለት ጊዜ የተመታች፣ ሁለት ፊት ያላት ብታመጣልኝ» አለኝ፣ «አርባ እሰጥሃለሁ።»

አርባ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስወርድ መሬቱን አልረገጥኩትም።

ባለቤቴ በለጠች በደህና ቀን «አንተ» ትለኛለች። ሲከፋት «እርስዎ» ትለኛለች፤ «እርስዎ» ስትለኝ ጎረቤት ሳይቀር በሩን ይዘጋል። አሥሩን ጠገራ ጭኗ ላይ ዘርግፌ የሆነውን ነገርኳት። አንድ በአንድ ነጥባቸውን ቆጠረች። «በል አንተ፣ ሰውዬው ሳይድን ሌላ ፈልግለት» አለችኝ። ምክሩ የእሷ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ትክዳለች።

ፈለግሁለት። ከደብረ ብርሃን እስከ ሰላ ድንጋይ፣ ከዚያም ቁልቁል እስከ አልዩ አምባ እየዞርኩ ገበያ የናቀውን ጠገራ ሁሉ በርካሽ ሰበሰብኩ። የተበሳች፣ የተሸረፈች፣ ፊቷ ተልጦ የድስት ቂጥ የመሰለች፣ ሕፃን አኝኮ የጣላት የምትመስል፣ ሁሉንም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይሄድ ነበርና ደጄ ላይ ሰው መሰለፍ ጀመረ። «እንከን ያለበት ነገር ይገዛል አሉ» ብላ አንዲት ሴት እግሯ የተሰበረ ዶሮ አመጣች። አንዱ ባለ አንድ ቀንድ ፍየል ጎትቶ መጣ። አንድ ሰውዬ ደግሞ ባዶ እጁን መጥቶ «አማቼን ልሽጥልህ?» አለኝ።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም አልሆነ። ከልደቱ ነው።»

ሳቅሁና ሸኘሁት። መሳቅ አልነበረብኝም፤ ነገሩ ከእኔ ቀድሞ የገባው ለእሱ ነው። ምክንያቱም ከረጢቴን ተሸክሜ ሙሴ ዘንድ ስሄድና ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፈው፣ ሰውዬው መስታወቱን እንኳ ሳይሰካ በእጁ ወደ እኔ መለሳቸው።

«ይህ ቁስል ነው» አለኝ። «ሰው በሳት፣ ሰው ሸረፋት። እኔ ሰው ያበላሸው አልፈልግም። ከማኅፀን ተበላሽታ የመጣች ነው የምፈልግ።»

«ሁለት ፊቷስ?» አልኩት።

«አርባ» አለኝ። ቃሉን አላጠፈም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ማንም ብልህ ነጋዴ ያደርገዋል። አንደኛ፣ ሰው ሁሉ እንከን ፍለጋ ከወጣ ዋጋው ይሰቀላል። ስለዚህ በየገበያው «ሙሴ ተወው፣ ወደ ቢራቢሮው ተመለሰ» ብዬ አስወራሁ። የመለሰብኝን ከረጢት ሰው ሁሉ አይቶ ነበርና ወሬው በቀላሉ ታመነ። ሁለተኛ፣ ከረጢቱን ለአንጥረኛው ለአያ ሽፈራው በሚዛን ሸጥኩለት። አያ ሽፈራው ለሴቱ ጉትቻና ድሪ፣ ለቄሱ መስቀል የሚሠራ፣ እጁ የተባረከ ሽማግሌ ነው። ዋጋውን እኔ ከገዛሁበት ዝቅ አድርጎ ቆረጠው፤ የአሥሩ ጠገራ ትርፌ እዚያው ሚዛኑ ላይ ቀለጠ። እሱም ይህን አውቆታል፣ ሕሊናውም ቆረቆረው።

«ወንድሜ» አለኝ ሲሸኘኝ፣ «በዚህ የፈረንጅ ነገር ተጎድተሃል። ብድርህን አንድ ቀን እመልሳለሁ።»

«ኧረ ግድ የለም፣ አያ» አልኩት። እውነትም ግድ ባይኖረው ኖሮ ደግ ነበር።

ሁለት ፊት ያላትን ያገኘኋት ገበያ ውስጥ አልነበረም። የላም አንገት ላይ ነው።

ላሟ የእመት ትርንጎ ናት። እመት ትርንጎ አንኮበር የአንድ ደብር ቄስ የሆኑት የመምሬ ክንፉ ባለቤት ሲሆኑ እኔ ቅቤ የምገዛው ከሳቸው ነው። አንድ ቀን ቅቤው እስኪመዘን በረት ዳር ቆሜ ሳለ ላሟ አንገቷን አዞረች፣ ፀሐይም አንገቷ ላይ ያለው ነገር ላይ አረፈች። ጠገራ ናት። ጠጋ ብዬ ባያት ንግሥቲቱ ሁለት አፍንጫ፣ ሁለት ከንፈር፣ ሁለት አገጭ አላት፤ አንዱ ከሌላው ጀርባ እንደሚያሾልቅ ጎረቤት ብቅ ብሏል።

አመጣጧን በኋላ ሰማሁ። ለደብሩ በስለት የገባች ናት። ገበያ ያልተቀበለውን ብር ታቦት ይቀበለዋል ብሎ የሚያምን ምእመን አይጠፋም። ለመምሬ ክንፉ ስትደርሳቸው ገበያው እንቢ አለ፤ እመት ትርንጎም ማንጠልጠያ ቀለበት አስበይደው ላሟ አንገት ላይ አሰሯት። በአንደኛው ፊቷ ቡዳውን፣ በሁለተኛው ሌባውን ታያለች ይላሉ።

እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ። የአሞሌ ስባሪ ከኪሴ አውጥቼ ላሟን አስላስኳት፤ እሷ ጨዉን ስትልስ እኔ አንገቷን አቅፌ ጠገራዋን በጥፍሬ መረመርኩ። ሁለቱን ፊቷን የሰው እጅ አልነካውም። ከማኅፀን ነው የመጣችው። በዚያው እንዳለሁ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። መምሬ ክንፉ ናቸው።

«ልጄ፣ ምን ሆነሃል?»

«መምሬ፣ ላሚቱ ጨው አማራት መሰለኝና ላስልሳት ብዬ ነው።»

«እሷ ስትልስ አይቻለሁ» አሉኝ። «አንተ ነህ እንጂ ከአንገቷ ምን እንደምትልስ የቸገረኝ።»

የዚያን ቀን ቅቤዬን ብቻ ይዤ ወረድኩ። በማግስቱ ወጣሁ። እመት ትርንጎ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ።

«እሜቴ፣ ያችን የላም ጠገራ በደህና ጠገራ ልለውጥልዎ። ባለቤቴም ላም አለቻትና ለሷ ነው።»

«ላሜ ለምዳታለች» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

በሚቀጥለው ጊዜ በሁለት መጣሁ። «ላሜ አዲስ ነገር አትወድም» አሉኝ። በሦስተኛው በአምስት ስመጣ እንዝርታቸውን አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ።

«ስማ ልጄ። ሰው ለማትረባ ብር ይህን ዳገት ሦስቴ አይወጣም። ለምን እንደፈለግሃት አልጠይቅህም። ብጠይቅህ ትዋሻለህ፤ ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው፣ በጾም ቀን ላስዋሽህ አልሻም። ዋጋዋን ብቻ ልንገርህ። መምሬ በየተዝካሩ በእግራቸው ሲወጡ ሲወርዱ ጉልበታቸው አለቀ። ያች በሩ ላይ የታሰረችው በቅሎ የማን ናት?»

«የእኔ ናት» አልኳቸው። እውነት ተናግሬ እንደዚያ ቀን የተጎዳሁበት ጊዜ የለም።

ለመንኳቸው፣ ገንዘብ ጨመርኩ፣ ሄድኩ ብዬ እስከ አጥሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እሳቸው እንዝርታቸውን መልሰው አነሡ። ያን ጊዜ አጥሩ ሥር ተቀምጬ አሰብኩ። አደይ ገበያ ብትወጣ ሃያ አምስት ብር ታወጣለች። ሙሴ አርባ ይሰጠኛል። በሃያ አምስቱ ሌላ አደይ እገዛለሁ፤ የቀረው አሥራ አምስት ነው። ይህን ሒሳብ ለወደዳችሁት ነጋዴ አሳዩት፣ እንከን አያገኝበትም። በቅሎ አጥቶ ጨው የሚያወጣ ነጋዴ ነጋዴ አይባልም፣ ተሸካሚ ነው፤ ይህን አላጣሁትም። ግን የማጣው እስከ ነገ ብቻ ነው ብዬ ነው።

ሰጠኋቸው። አደይን ከበሩ ፈትቼ ልጓሟን ለመምሬ ሳቀብል ልቤ ቅር አለው። እሷ ግን የመምሬን ድርቆሽ አየችና በረት ገባች። ወደ ኋላዋም አልዞረችም።

ቤቴ ስደርስ በለጠች በር ላይ ቆማለች።

«በምን መጡ እርስዎ?»

«በእግሬ።»

«በቅሎዋስ?»

«እዚህ ውስጥ ናት» አልኩና ከረጢቴን ፈትቼ ጠገራዋን አሳየኋት።

በእጇ ይዛ ወዲያ ወዲህ አገላበጠቻት። «ጭራዋን አጣሁት» አለችኝ።

ሙሴ ዘንድ ከመሄዴ በፊት የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያች እመት ትርንጎ ያስበየዷት ማንጠልጠያ። ሙሴ ሰው የነካው አይወድም ብያችኋለሁ፤ ቀለበቷን አይቶ አርባውን ወደ ሠላሳ እንዳያወርድብኝ ፈራሁ። ስለዚህ ወደ አያ ሽፈራው ወሰድኳት። «አያ፣ ይህችን ቀለበት በዘዴ አንሣልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አልኩት። ዋጋዋ ስንት እንደሆነ አልነገርኩትም። አንጥረኛ በእጁ ያለው ነገር አርባ ብር መሆኑን ካወቀ እጁ ይከብዳል፣ የእጁ ዋጋም አብሮ ይከብዳል። ምናልባትም እሱ ራሱ ሙሴ ደጅ ይሄዳል። ምስጢር የነጋዴ እህል ነው። አያ ሽፈራውም «ነገ ና» አለኝ።

በነጋታው ስመጣ አያ ሽፈራው ጠገራዋን በንጹሕ ጥጥ ጠቅልሎ ጠብቆኛል። ፊቱ በርቷል፤ ልጁን ሊድር የተነሣ አባት መስሏል። ጥጡን ገለጠው።

አንድ አፍንጫ።

እንዲህ ያለ ያማረ አፍንጫ በዕድሜዬ አላየሁም። ቀጥ ያለ፣ የተላገ፣ የወይዘሮ አፍንጫ። አንድ ከንፈር፣ አንድ አገጭ።

«ቀለበቷን አነሣሁና» አለ አያ ሽፈራው፣ «ገልብጬ ባያት አዘንኩልህ። ያ ከረጢት ያደረሰብህ አልበቃ ብሎ ይህቺን ደግሞ ማን ይቀበልሃል ብዬ። ትርፉን አፍንጫ በመዶሻ አስተኛሁት፣ በሞረድ ላግሁት። የትከሻዋንም ነጥብ አንድ በአንድ መልሼ ተከልኩልህ። ዓይኔ እስኪፈስ ነው የሠራሁት። ምንም አትከፍልም። ያች ብድር ናት።»

ምን ልበለው? «ሙሴ አርባ ይሰጠኝ ነበር» እንዳልል፣ ሙሴ ተወው ብዬ ያስወራሁት እኔው ነኝ። ሽማግሌውም ወሬዬን አምኖ ነው ያዘነልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ» አልኩት። እሱም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ባለውለታዬ ነህ» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኔ ሙሴ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት የነበረች አንድ ስትሆን ይብስ ጥቂት ናት፣ ጥቂት ነገር ደግሞ ውድ ነው ብዬ በራሱ ቃል ልረታው ነው። ሙሴ መስታወቱን ሰካ። ብዙ አያት። ብርሃን ወዳለበት ወስዶ ዘንበል ሲያደርጋት ከተኛው አፍንጫ ሥር የቀረች አንዲት ጭረት አገኘ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ማን ገደላት?» አለኝ።

«ሠላሳ ስጠኝ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

«ሃያ።»

ራሱን ነቀነቀ። አምስት ላይ ስደርስ ተነሥቶ ጠገራዋን እጄ ላይ አደረገና ጣቶቼን በእርጋታ አጠፈልኝ። ለቅሶ ቤት ዳቦ የሚያሲዝ ይመስላል።

እንግዲያው ቢያንስ አንድ ጠገራ ናት ብዬ ገበያ ወሰድኳት። አንዱ ባላገር ተቀበለኝ፤ ድንጋይ ላይ ጣላት፣ ነከሳት፣ ትከሻዋን በጥፍሩ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። «የዚህች ነጥብ በአንድ ይበልጣል» ብሎ መለሰልኝ። አያ ሽፈራው ሲሠራ የማይሰስት ሰው ነው፤ አንድ ነጥብ መርቆባታል።

ለአያ ሽፈራው ገበያው እንቢ እንዳላት ስነግረው ከእኔ ይልቅ እሱ አዘነ። «ሥራዬ አሳፈረህ» አለና፣ ላቃናልህ ብሎ ነጠቀኝ። እንቢ ለማለት አፌን ስከፍት ወናፉ ይነፋ ጀመር። ጠገራዋን አቅልጦ የጆሮ ኩክ ማውጫ አደረጋት፣ በማተቤ ላይ እንዳንጠለጥላት። አንዲት ፍርፋሪ ለራሱ አላስቀረም። ሙሉ ጠገራ የፈጀ ኩክ ማውጫ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ለሰው ጆሮ ይበዛል።

ዛሬም ጨው ከአልዩ አምባ አወጣለሁ። በቅሎ ለመግዛት ገና እያጠራቀምኩ ነው፤ እስከዚያ አደይን እከራያታለሁ። መምሬ የሚቀመጡባት በበዓልና በተዝካር ነው፤ በሌላው ቀን እመት ትርንጎ ለነጋዴ ያከራያሉ። «ለአንተ የዘመድ ዋጋ ነው» ይሉኛል፤ ሌላው ነጋዴ ስንት እንደሚከፍል ጠይቄ ስለማውቅ ዝምድናው ውድ መሆኑን አውቄያለሁ። ላሟ አንገት ላይ አሁን የጠፍር ቁራጭ ታስሮባታል። ወተቷ እንደ ድሮው ነው። በለጠች «እርስዎ» እንዳለችኝ አለች፤ ምክሩ የእሷ መሆኑን ባነሣሁባት ቁጥር ጎረቤት በሩን ይዘጋል።

አንዳንዴ ዳገቱ መሐል ስናርፍ ያችን የተሰነጠቀች የአደይን ጆሮ በኩክ ማውጫው እጠርግላታለሁ። ልኳ ነው። ዓይኗን ጨፍና ዝም ብላ ትቆማለች፣ ከዚያ እሷ ወደ ጭነቷ፣ እኔ ወደ «ምነው»ዬ እንመለሳለን።

ሒሳቡ እንዲህ ይዘጋል። ወጪ፣ አንዲት በቅሎ፣ ደግሞም ለዚያችው በቅሎ ኪራይ በየገበያው አንድ አሞሌ። ገቢ፣ አንድ የብር ኩክ ማውጫ። ጫፉ ትንሽ ይጣመማል። ከልደቱ ነው።